የሌለችው እልፍኝ

ባለፈው ወር በ21 ቀን የእመቤታችንን ጽዋ በሚጠጣ አንድ ማኅበር ላይ ተገኝቼ ሳለሁ፣ ጸሎቱ ደርሶ፣ ዳቦው ተቈርሶ፣ ጠላው ከተቀዳ በኋላ፣ ጨዋታ በሚደራበት ሰዓት፣ ስለ ገዛ ቤቴ የማላውቀውን ወሬ ከሰው አፍ ሰማሁ። ወሬውን የያዘችው ሴት ከጎኗ መቀመጤን ልብ ሳትል፣ "እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ሰው ቤት ያለች የወለል መጥረጊያ ግድግዳ ዘልቃ ታያለች፤ የጎረቤቱን መኝታ ቤት ከነአልጋው ሥላ በስልኩ አሳይታዋለች፤ ያየችውም የገዛ አክስቱ ናት" ስትል፣ ሌላይቱ ቀበል አድርጋ ግድግዳ የዘለቀ ጨረር ሥጋና አጥንት መዝለቁ እንደማይቀር፣ ይህንም አንድ ዜና ነጋሪ በዩቲዩብ እንደ ተናገረው፣ ስለዚህ ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት መሣሪያዋን ማስነሣት እንደማይገባ ደመደመች። ሦስተኛው ተናጋሪ ደግሞ፣ እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት፣ የእንዲህ ያለው መሣሪያ ባለቤት ጎረቤቱን በመሰለል ሊከሰስ እንደሚችል በሰፊው አስረዳ።

ያ ሰው እኔ ነኝ፤ አክስቴም አልዋሹም። ከደብረ ብርሃን ሊጠይቁን መጥተው ከእኛ ጋር የከረሙት አክስቴ አንድ ቀን ስልኬን አንሥተው፣ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ዝቅ አድርገው፣ መጥረጊያዋ የሣለችውን የቤታችንን ካርታ ሲመለከቱ፣ ከመኝታ ቤታችን ቁም ሣጥን በስተጀርባ፣ የጎረቤታችን ቤት መሆን በሚገባው ቦታ ላይ፣ የእኛኑ መኝታ ቤት የምታህል አንዲት እልፍኝ በሰማያዊ ቀለም ተሥላ፣ በውስጧም የአልጋ እግር የሚመስሉ አራት ነጠብጣቦች ሰፍረው አዩ። "አንተ ልጅ፣ ይቺ ኤሊ የሰው ቤት ገብታለች" አሉኝ። እኔም ሥቄ ነገሩን ኋላ አስረዳዎታለሁ ብዬ ሳላስረዳቸው በመቈየቴ፣ ያልተነገረው ማስረጃ ቦታ ለቆ፣ የተነገረው ወሬ ማኅበር ገባ። ማሽኖች ያሉበትን ቦታ የሚያውቁበትን ስሌት በመጻፍ እንጀራ የምበላ ሰው ሆኜ በገዛ ሙያዬ እንዲህ መረታቴ ስላንገበገበኝ፣ በዚያ ምሽት ለማስረዳት ፋታ ያጣሁበትን እነሆ በጽሑፍ አወጣዋለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው እንደ ጎርጎርዮስ አቈጣጠር ነው።

መሣሪያዋ እንዴት እንደምትጠርግ ብዙ ቀለም አላፈስም። ክብ ናት፤ ቁመቷ 10 ሳንቲሜትር ያህል ነው፤ ከሆዷ ሥር የሚሽከረከር ብሩሽ፣ ከጎኗ ቈሻሻን ከማእዘን የምትጠራርግ ሌላ ትንሽ ብሩሽ፣ በየፊናቸው የሚዞሩ ሁለት ጎማዎች፣ አንድ ማራገቢያና አንድ ባትሪ አሏት፤ ይህ ሁሉ ከካርቶኑ ጋር በሚመጣው መምሪያ ላይ ተጽፏል። አንድ ነገር ብቻ ሳላነሣ አላልፍም፤ "ቆሻሻ ትመጥጣለች" ይባላል እንጂ መምጠጥ የሚባል ነገር በፍጥረት ውስጥ የለም። ማራገቢያው በሆዷ ያለውን አየር ወደ ውጭ ሲገፋው በውስጧ ያለው ግፊት ያንሳል፤ ያን ጊዜ ከውጭ ያለው፣ በባሕር ጠለል ላይ በያንዳንዱ ካሬ ሳንቲሜትር አንድ ኪሎ ግራም ያህል የሚጫነው አየር፣ ጕድለቱን ሊሞላ ሲሮጥ ትቢያውን አንሥቶ ይዞት ይገባል። እንግዲህ ወለሉን የሚጠርገው በላያችን የተከመረው አየር ነው ማለት ነው፤ አክስቴ አገር በደብረ ብርሃን ከፍታ ላይ ቢሆን ኖሮ ይህ ክብደት ከሩብ በላይ ይቀንስ ነበር።

ችግሮቿንም በአጭሩ ልናገር። በፋሲካ ዕለት ከጎዘጎዝነው ቄጠማ ጥቂት ውጣ ጕሮሮዋ ተዘግቶ ስትጮኽ፣ አክስቴ ገልብጠዋት፣ የዶሮ አንጀት እንደሚያወጣ ሰው ከብሩሿ እየጎተቱ አንድ በአንድ አውጥተውላታል፤ ከዚያም ወዲህ እሷ ስትነሣ እሳቸው የነጠላቸውን ዘርፍ ሰብስበው ሶፋ ላይ ይወጣሉ። ከመግቢያው በር አጠገብ ባለው ጥቁር ምንጣፍ ላይ ደግሞ አልወጣም ትላለች፤ ከሆዷ ሥር ያሉት ዳሳሾች ወደ መሬት የላኩት ብርሃን ካልተመለሰላቸው ከፊቴ ገደል አለ ብለው ይፈርዳሉና፣ ብርሃኑን የሚውጠው ጥቁር ምንጣፍ ለርሷ ከዓባይ ሸለቆ አይለይም።

አክስቴ "ኤሊ" ብለው የሰየሟት ከቅርጿ ተነሥተው ቢሆንም፣ ሳያውቁት የጠሯት በነገዷ ስም ነው። በብሪስቶል ከተማ ይሠራ የነበረው የአንጎል ተመራማሪ ዊልያም ግሬይ ዋልተር በ1948ና በ1949 ኤልመርና ኤልሲ የተባሉ ሁለት ባለ ሦስት ጎማ ማሽኖች ሠርቶ "ኤሊዎች" ብሏቸው ነበር፤ ብርሃን ከሚለይ አንድ ዐይንና ግጭትን ከሚያውቅ ልባስ በቀር ሌላ ሕዋስ ያልነበራቸው እነዚህ ኤሊዎች፣ ባትሪያቸው ሲደክም ብርሃን ወደ በራበት ጎጇቸው ተመልሰው ይሞሉ ነበር። "ሮቦት" የሚለው ስም ደግሞ ካሬል ቻፔክ በ1920 ከጻፈው ተውኔት የወጣ ነው፤ ሥሩም በቼክ ቋንቋ ጭሰኛ ለባለ ርስቱ በግዴታ የሚሠራውን ሥራ የሚያመለክት ስለ ሆነ፣ ሮቦት የሚለውን የሚተካ ያማርኛ ቃል አጣን እያሉ የሚጨነቁ ወዳጆቼ "ሁዳደኛ" ቢሉት ከእውነተኛው ፍች ያልራቀ ይሆን ነበር፤ ቃሉን የሚያስታውስ ሰው ከተገኘ ማለቴ ነው።

በገበያ የመጀመሪያዋ ቤት ጠራጊ ሮቦት በ2001 የወጣችው የስዊድኑ የኤሌክትሮሉክስ ትሪሎባይት ስትሆን፣ ነገሩን በየቤቱ ያስገባችው ግን በ2002 የወጣችው የአሜሪካዊው አይሮቦት ኩባንያ ሩምባ ናት። ከኩባንያው ሦስት መሥራቾች አንዱ፣ የኤም አይ ቲ መምህር የነበረው ሮድኒ ብሩክስ፣ ማሽን በዓለም ላይ ለመንቀሳቀስ የዓለምን ሥዕል በጭንቅላቱ መያዝ አያስፈልገውም፣ ዓለም ራሱ በፊቱ ተዘርግቷልና፣ ብሎ የሚከራከር ሰው ስለ ነበረ፣ የመጀመሪያዎቹ ሩምባዎች ካርታ የሚባል ነገር አያውቁም ነበር። እየሰፋ በሚሄድ ክብ ይዞራሉ፣ ግድግዳ ሲያገኙ ግድግዳውን ይከተላሉ፣ ሲጋጩ ባልታሰበ አቅጣጫ ዞረው ይሄዳሉ። አያቶቻችን ሌባ እንዲይዝ መድኀኒት አጠጥተው በየመንደሩ ያስሮጡት የነበረውን ሌባሻይ ለሚያስታውስ፣ አካሄዳቸው በትክክል ያ ነው፤ ልዩነቱ ሌባሻይ ያገኘውን ሁሉ ሌባ ሲያደርግ፣ ሩምባ ግን ሰዓት ከተሰጣት አብዛኛውን ወለል በርግጥ ታዳርሳለች፤ አንዱን ጥግ አምስት ጊዜ ጠርጋ ሌላውን አንድ ጊዜም ሳትነካ መቅረቷ ግን የታወቀ ነው።

ይህን የለወጠው ሌዘር ነው። እስከ 2000ዎቹ መጨረሻ ድረስ በሌዘር ርቀት የሚለካ መሣሪያ በብዙ ሺህ ዶላር የሚሸጥ የላቦራቶሪ ዕቃ ነበር፤ በ2008 ግን እንዲህ ያለውን መሣሪያ በ30 ዶላር ገደማ መሥራት እንደሚቻል ያሳየ ጥናት ወጣ፤ በ2010ም ኒያቶ የተባለው ኩባንያ ያንኑ በመጥረጊያ ራስ ላይ ጭኖ ለገበያ አቀረበው። ኤሊዬም በራሷ ላይ የያዘችው እንዲህ ያለ የጠርሙስ ክዳን የሚመስል ዟሪ ጕልላት ነው።

ሌዘር የሚለው ስም ብቻውን ሰውን እንደሚያስፈራ ዐውቃለሁ፤ የሚሠራው ግን ሕፃን ልጅ በጣቱ ሊፈትነው የሚችል ሥራ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ጣትህን ከአፍንጫህ ፊት ለፊት አቁመህ ዐይኖችህን አንዱን በአንዱ እያፈራረቅህ ብትጨፍን፣ ጣትህ ከግራ ወደ ቀኝ ሲዘል ታያለህ፤ ክንድህን ዘርግተህ ብትደግመው ዝላዩ ያንሳል፤ ከመስኮት ውጭ ያለውን የስልክ እንጨት ብታይበት እምብዛም አይዘልም። ዝላዩ ርቀቱን ይናገራል ማለት ነው። በጕልላቱ ውስጥ አንዲት ትንሽ ሌዘር ነጥብ የምታህል ብርሃን ወደ ፊት ትሰድዳለች፤ ከርሷ ጥቂት ሳንቲሜትር ርቆ የተተከለ ሌላ መነጽር ያችን ነጥብ ከጎን ይመለከታል፤ ነጥቢቱ በቅርብ ዕቃ ላይ ስታርፍ በመነጽሩ ውስጥ ብዙ ወደ ጎን ትሸሻለች፣ በሩቅ ላይ ስታርፍ ጥቂት፤ ከዚህም የሦስት ማእዘን ሒሳብ ርቀቱን ያወጣል። ሒሳቡ ሩቁን ነገር በቅርቡ ልክ እንደማያውቀው ግልጽ ነው፤ የዚያ የ2008ቱ መሣሪያ ስሕተት በ6 ሜትር ላይ 3 ሳንቲሜትር ገደማ ነበር፤ ለወለል መጥረጊያ ከበቂ በላይ ነው። ጕልላቱ በሴኮንድ አምስት ጊዜ ሲዞር በያንዳንዱ ዲግሪ አንድ ልክ ከወሰደ በሴኮንድ 1800 ልክ ይሰበስባል። ብርሃን ሄዶ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ የሚቈጥሩ ሌሎች ዐይነቶችም አሉ፤ ብርሃን በሴኮንድ አንድ ቢሊዮንኛ ውስጥ 30 ሳንቲሜትር ስለሚሄድ፣ የእነርሱ ሰዓት ምን ያህል የሰላ መሆን እንዳለበት መገመቱን ለአንባቢ እተወዋለሁ።

እንግዲህ ኤሊዋ የምታየው ይህ ብቻ ነው፤ ቤታችን ለርሷ ከወለሉ 10 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ በአግድም የተቈረጠ፣ እንደ እንጀራ የሳሳ አንድ ገበታ ነው። ጠረጴዛው አራት ነጠብጣብ ነው። እኔ ሁለት ክቦች ነኝ፤ አክስቴ ግን ቀሚሳቸው እስከ መሬት የሚወርድ ስለ ሆነ አንድ ትልቅ ክብ ናቸው። በግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ሥዕል፣ በአልጋው ላይ የተኛውን ሰው፣ የሚበላውን ምግብ አታውቅም።

ግድግዳን ስለ መዝለቅ እንደሆነማ፣ የመሣሪያዋ ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ወደ 800 ናኖሜትር የሚጠጋ፣ ዐይናችን ከሚያየው ቀይ ቀለም ዐልፎ የሚገኝ፣ ሊቃውንት "ታሕተ ቀይ" የሚሉት ብርሃን ነው፤ "ታሕተ" የተባለውም የንዝረቱ ብዛት ከቀይ ስለሚያንስ ነው እንጂ ከሥር ስለሚሄድ አይደለም፤ ይህን እያምታቱ የሚጽፉ ጋዜጦች ስላየሁ ነው የምለው። የቴሌቪዥናችሁ ሪሞትም በዚሁ ወገን ብርሃን ይሠራል፤ በሪሞት ከጎረቤት ቤት ሆኖ በግድግዳ ማዶ ጣቢያ የቀየረ ሰው ካለ ይምጣና ስሕተቴን ያስረዳኝ። ከራጅ ጋር አንድ አድርጎ ማየት ደግሞ ከሻማ ነበልባልና ከመብረቅ አንዱን ከሌላው አለመለየት ነው፤ የአንዷ የራጅ ብርሃን ቅንጣት ጕልበት የኤሊዋን ብርሃን ቅንጣት ጕልበት በአሥር ሺህዎች እጥፍ ይበልጣልና። በቤታችን ውስጥ ግድግዳ እየዘለቀ የሚሄደው ሞገድ የዋይፋዩ ነው፤ የስልካችንን መልእክት ሊያመጣልን ሌት ተቀን ሲዘልቅ ማንም ነፍሰ ጡሯን አላስጠነቀቀም፤ ማስጠንቀቅም አላስፈለገውም።

እስካሁን ያልኩት መንደርደሪያ ነበር። የኔ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

በልጅነቴ በደብራችን የነበሩ አንድ ዐይነ ስውር መሪጌታ ሌሊት ለማሕሌት ሲመጡ፣ ከቤታቸው ደጅ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ርምጃቸውን ቈጥረው ይደርሱና፣ ቍጥሩ ሲያልቅ መቋሚያቸውን ዘርግተው መቃኑን ይነኩ ነበር። መቋሚያው መቃኑን ካሰቡበት ቦታ ካገኘው ቍጥራቸው ትክክል ነበረ፤ ወደ ግራ ጥቂት ፈቅ ብሎ ካገኘው ምን ያህል እንደ ሳቱ ከዚያው ይረዱና፣ ቀሪውን መንገድ ከመቃኑ ተነሥተው እንደ አዲስ ይቈጥራሉ። ኤሊዋም ሁለት ዕውቀት አላት፤ አንደኛው የጎማዋ ዙር ቍጥር፣ ሁለተኛው የሌዘሯ ልክ ነው። ጎማ ግን ታማኝ ምስክር አይደለም። በምንጣፍ ላይ ይንሸራተታል፣ የምንጣፉ ጠጕርም ወደ አንድ ወገን ይገፋዋል፤ አቅጣጫዋ በአንዲት ዲግሪ ብቻ ቢዛነፍ 10 ሜትር በሄደች ጊዜ ካሰበችው መሥመር 17 ሳንቲሜትር ወደ ጎን ወጥታለች፤ በዚህ ልክ እየተዛነፈች ጥቂት ደቂቃ ብትቈይ መኝታ ቤቱን ወጥ ቤት ትለዋለች።

መሪጌታው ግን የበሩን ቦታ አስቀድመው ያውቁት ነበር፤ እሷ ከካርቶን በወጣችበት ቀን አንዳች አታውቅም። ካርታ ለመሣል ያለችበትን ቦታ ማወቅ አለባት፤ ያለችበትን ቦታ ለማወቅ ደግሞ ካርታ ያስፈልጋታል። ይህን እንቈቅልሽ ባለሙያዎች "ስላም" በሚል ምሕጻር ይጠሩታል፤ ከሰላምታችን ጋር ዝምድና የለውም፤ ቦታንና ካርታን ባንድነት መፈለግ ማለት ነው፤ መሠረቱም በ1980ዎቹ ስሚዝ፣ ሰልፍና ቺዝማን የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች ባወጡት ሥራ የተጣለ ነው።

መፍትሔው ምን እንደሚመስል ለማስረዳት ከአብነት ትምህርት ቤታችን የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህር ከአንድ ኃይለ ቃል ሲደርስ "እንዲህ ማለት ነው" ብሎ ይፈታና፣ ያንን ሳያፈርስ "አንድም" ብሎ ሌላውን ፍች ከጎኑ ያቆማል፣ ደግሞም "አንድም" ይላል። ኤሊዋም በወለል ላይ ስትሄድ "ከሶፋው በስተቀኝ ነኝ፤ አንድም ከሶፋው በስተግራ ነኝ፤ አንድም ጎማዬ ተንሸራቶ ገና ከመተላለፊያው አፍ ላይ ነኝ" እያለች፣ በመቶ በሚቈጠሩ አንድምታዎች ላይ ራሷን በትና ትጓዛለች። ለያንዳንዱም አንድምታ "ይህ እውነት ቢሆን ሌዘሬ ምን ባየ ነበር?" ብላ ትጠይቃለች፤ ከሶፋው በስተቀኝ ብትሆን ግድግዳው በ2 ሜትር ላይ መገኘት ነበረበት፤ ሌዘሩ 3 ሜትር ብሎ ከመሰከረ ያ አንድምታ ክብደቱ ይቀልላል። የቀለሉት ይወድቃሉ፣ የከበዱት ይባዛሉ፣ የተባዙትም እንደ ገና በጎማው ስሕተት ልክ ይበተናሉ። ምሳሌዬ እዚህ ላይ ይሰበራል፤ መምህሩ አንዱን ፍች ለሌላው ብሎ አይሽርም፣ ኤሊዋ ግን ያለ ርኅራኄ ትሽራለች፤ ስለዚህ ከጉባኤ ቤት አውጥቼ በዛፍ ሥር ወደሚቀመጥ ችሎት ባዛውራት ሳይሻል አይቀርም፤ መቶ ምስክር ቀርቦ፣ ቃሉ ከዳኛው ዐይን ጋር ያልተስማማው እየተመለሰ፣ የተስማማው ዘመዶቹን ጠርቶ የሚያበዛበት ችሎት ነው። ምሳሌ በምሳሌ ላይ እየከመርኩ መሆኔን ዐውቃለሁ። ይህን ነገር ሳስረዳ ዝም ማለት አይሆንልኝም።

የዚህ አመዛዘን ሕግ የቶማስ ቤይዝ ነው፤ እንግሊዛዊ ቄስ ነበረ፤ ድርሳኑም እሱ ከሞተ በኋላ በ1763 ታተመ፤ ቀድሞ የነበረን ግምት በአዲስ ምስክር ልክ ማረም ነው። እዚህ ላይ የሚያስቸግረኝ እንዲህ ያለው ግምት የሚጠራበት ቃል ነው። በትምህርት ቤት "ዕድል" እያሉ ያስተማሩን ነገር ሎተሪና ጽሕፈት ስለሚሸት፣ "ይሆናል" የሚለውን ግሥ ይዞ "ይሆናልነት" ማለትን እኔ እመርጣለሁ፤ አክስቴ ግን "ጥርጥር ነው እንጂ ሌላ ምንድን ነው!" አሉኝ፤ ከእኔ ይሻላሉ። ካርታው ራሱ ከጥርጥር የተሠራ ነው፤ ሃንስ ሞራቬክና አልቤርቶ ኤልፌስ በ1985 እንዳወጡት ሥርዐት፣ ወለሉ ትንንሽ ካሬዎች ሆኖ ይከፈልና፣ በያንዳንዷ ካሬ የሚጻፈው "ዕቃ አለ" ወይም "የለም" የሚል ቍርጥ ቃል ሳይሆን፣ ምን ያህል እንደሚያጠራጥር የሚናገር ቍጥር ነው። ሌዘሩ ባለፈባት ቍጥር ባዶነቷ ይጸናል፣ ባረፈባት ቍጥር ሙላቷ ይጸናል። በስልካችን ላይ የምናየው ጥርት ያለ መሥመር ከዚህ ሁሉ ጥርጥር ላይ ለዐይን እንዲያምር የተቀባ ቀለም ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ። ቀላድ ጣይ መሬት ሲለካ በየገመዱ ጥቂት ጥቂት እየሳተ ይዞርና፣ ወደ መነሻው ችካል ሲመለስ ገመዱ ችካሉን ሳይነካ አንድ ክንድ ቢቀረው፣ ያንን ክንድ በመጨረሻው ገመድ ላይ ብቻ አይጭነውም፣ በዙሪያው ሁሉ ያከፋፍለዋል። ኤሊዋም ወደ መሙያዋ ተመልሳ "ይህን ቦታ ዐውቀዋለሁ" ባለች ጊዜ ከመነሻው ጀምሮ የሄደችበትን መንገድ ሁሉ ታስተካክላለች፤ ጠማማ ሆኖ የነበረው መተላለፊያ በስልኩ ላይ በድንገት ሲቃና ያየ ሰው ይህን ማየቱ ነው።

ባልደረቦቼ ይህን ቢያነቡ ዝም እንደማይሉ ስለማውቅ፣ ተዐቅቦዬን እዚሁ ላስቀምጥ። አንድምታ ያልኩት መንገድ አንዱ ወገን ነው እንጂ ሁሉም አይደለም፤ ሉ እና ሚሊዮስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1997 ካወጡት ሥራ ወዲህ፣ ብዙዎቹ የዘመኑ መሣሪያዎች አንድምታ ከመበተን ይልቅ ያለፉባቸውን ቦታዎች በክር እንደ ተያያዙ ዛጎሎች ቈጥረው ክሩን ሁሉ ባንድነት የሚያላሉበትን መንገድ ይከተላሉ፤ የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክር በወለሉ ስፋት፣ በማሽኑ ትውስታና፣ እውነቱን ለመናገር፣ በተከራካሪው መምህር ማንነት ይወሰናል። ካሜራ ከሌዘር ይበልጣል የሚሉም አሉ፤ ሩምባ ራሷ በ2015 ካርታ የጀመረችው በካሜራ ነው፤ እኔ የሌዘር ወገን ስለ ሆንኩ ፍርዴን አትመኑ። ብሩክስንም ካርታን የናቀ አስመስዬ ማቅረቤ ተረቱን ለማሳመር ነው፤ በእርሱው ላቦራቶሪ ማያ ማታሪች በ1990 ገደማ የሠራችው ቶቶ የተባለ ሮቦት በዚያው ፍልስፍና ሥር ሆኖ ምልክት እየያዘ ካርታ ይሠራ ነበር። በመጨረሻም ስለ ኤሊዋ "ታውቃለች"፣ "ትጠረጥራለች" እያልኩ መጻፌን ፈላስፎች ቢቈጡበት ሙግት አልገጥምም፤ አማርኛ ለግዑዝ ማመዛዘን የተለየ ግሥ አላወጣልንም።

አሁን ወደ እልፍኚቱ እንመለስ። የመኝታ ቤታችን ቁም ሣጥን፣ በዚህ አገር አፓርታማዎች እንደ ተለመደው፣ ከጣራ እስከ ወለል መስታወት የለበሱ ሁለት ተንሸራታች መዝጊያዎች አሉት። የኤሊዋ ብርሃን ወደ መስታወቱ ሄዳ፣ በገባችበት ዘዌ ተመልሳ፣ ከፊት ለፊት ያለውን አልጋ እግር ትመታለች፤ ከእግሩም ላይ የተበተነው ብርሃን በዚያው መንገድ፣ በመስታወቱ በኩል፣ ወደ ጕልላቱ ይመለሳል። ስሌቷ ብርሃን ሁልጊዜ በቀጥታ ይሄዳል ብሎ ስለሚያምን፣ መንገዱ መሐል ላይ መታጠፉን የሚነግራት ምስክር የለም፤ ስለዚህ የአልጋውን እግር ከመስታወቱ በስተጀርባ፣ በፊት ለፊት ባለበት ርቀት ልክ ታስቀምጠዋለች። አራቱ ነጠብጣቦች የራሳችን አልጋ ናቸው። እልፍኚቱም የራሳችን መኝታ ቤት ናት፣ ግራና ቀኟ ተገላብጦ፤ አክስቴን ግራ ያጋባቸውም ይኸው መገላበጧ ነበር። ኤሊዋ ልትጠርጋት ሄዳ ግንባሯን ከመስታወቱ ጋር ብታጋጭም፣ ግጭቱ የሚያስረዳው በመግቢያው ላይ አንድ መሰናክል መኖሩን ብቻ ነውና፣ በስልኬ ላይ እልፍኚቱ በሯ የተዘጋ ክፍል ሆና ቀረች።

ስለላን በሚመለከት በሬድዮና በዩቲዩብ የሚነዛው ወሬ የሚያናድደኝ፣ ሊያስፈራ የሚገባውን ትቶ በማያስፈራው ስለሚያስፈራ ነው። በ2017 የአይሮቦት ሥራ አስኪያጅ ኮሊን አንግል ለሮይተርስ በሰጠው ቃል የቤቶችን ካርታ ለትልልቆቹ ኩባንያዎች ስለ ማካፈል ሐሳብ ሲናገር ጩኸት ተነሣ፤ ኩባንያው የደንበኞችን መረጃ አልሸጥም ብሎ ማስተባበል ግድ ሆነበት። በ2022 መጨረሻ ኤም አይ ቲ ቴክኖሎጂ ሪቪው እንደ ገለጠው፣ ከሁለት ዓመት በፊት በሙከራ ላይ የነበሩ ሩምባዎች በካሜራቸው ያነሡአቸው ሥዕሎች፣ በመጸዳጃ ላይ የተቀመጠች ሴት ሥዕል ጭምር፣ ሥዕሎቹን እየለዩ ስም በሚሰጡ ሠራተኞች እጅ ዐልፈው በማኅበራዊ መገናኛ ላይ ወጥተዋል፤ ኩባንያው ሰዎቹ ለሙከራው የፈረሙ ናቸው አለ። በግንቦት 2024 ደግሞ በአሜሪካ ልዩ ልዩ ከተሞች ኢኮቫክስ የተባለው ኩባንያ መጥረጊያዎች በሩቅ ሰዎች እጅ ገብተው በድምፅ ማጕያቸው ባለቤቶቻቸውን ሲሰድቡ ተሰምተዋል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ግድግዳ የዘለቀ ጨረር የለም፤ ያለው ካሜራ፣ ማይክሮፎን፣ የደከመ መቈለፊያና በዋይፋይ ወጥቶ ባሕር ማዶ የሚቀመጥ መዝገብ ነው።

የሌዘሩ ወገን ነኝ ብያለሁና ስለ ሌዘሩም የማይመቸኝን ልናገር። በ2020 የሲንጋፖርና የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች የመጥረጊያን ሌዘር ጆሮ ማድረግ እንደሚቻል አሳይተዋል፤ በክፍሉ ውስጥ ድምፅ ማጕያ ሲናገር አጠገቡ ያለ የቈሻሻ ቅርጫት በጥቂቱ ይንቀጠቀጣል፣ ያን መንቀጥቀጥ የተመለሰው ብርሃን ይዞት ይመጣል። ለዚህ ግን አንድ ሰው አስቀድሞ የመሣሪያዋን ፕሮግራም መስበር፣ ጕልላቷን ከመዞር ማቆም፣ ቅርጫቱንም ፊት ለፊቷ ማግኘት አለበት። ይቻላል፤ ለጎረቤት ወሬ ግን ልፋቱ ብዙ ነው። እኔ በቤቴ ያደረግሁት፣ ካሜራ የሌላትን መምረጥና፣ ከቤቱ ኮምፒውተሮች ተለይታ በእንግዳ ዋይፋይ ላይ እንድትገባ ማድረግ ነው።

አክስቴን ለማሳመን ከዚህ ሁሉ ሐተታ ይልቅ የሠራው ነጭ ወረቀት ነው። 15 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ወረቀት ቈርጬ በመስታወቱ ግርጌ ከዳር እስከ ዳር በፕላስተር ለጠፍሁ፤ አሮጌውን ካርታ ደምስሼ ኤሊዋን አስነሣኋት። አክስቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ መተላለፊያው ሲሣል፣ ወጥ ቤቱ ሲሣል፣ መኝታ ቤቱ ሲሣል ተመለከቱ፤ ከቁም ሣጥኑ ማዶ ምንም አልተሣለም። "የጎረቤታችን አልጋ ተነሣ በሉኛ" አሉ። በፊታችን ማኅበር ላይ ማኅበርተኞቹም ይህንኑ ከአፋቸው እንዲሰሙ ቃል ገቡልኝ።

እሑድ ጠዋት ግን ቅዳሴ ሊሄዱ ሲለብሱ የቀሚሳቸውን ጠርዝ ጥለት ማየት ቢያቅታቸው ወረቀቱን ልጠውት ሄደው ኖሯል፤ ማታ ስልኬን ብከፍት እልፍኚቱ ከነአራት ነጠብጣቧ ተመልሳለች፤ ከነጠብጣቦቹም አጠገብ፣ ቀድሞ ያልነበረ፣ አንድ ትልቅ ክብ ቆሟል።